በሩ ሊከፈት ሲል፦ የበዓል ቅናሽ ግፊያ ከየት ይመጣል?

ኅዳር 19 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 28 ቀን 2008። ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ለንጋቱ 11 ጥቂት ደቂቃዎች የቀሩት። ከኒው ዮርክ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው ቫሊ ስትሪም በተባለች የሎንግ አይላንድ መንደር፣ በአንድ የዋልማርት መደብር በር ላይ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ቆመዋል። ብዙዎቹ ሌሊቱን በብርድ ያነጉ ናቸው። ከበሩ ወዲያ 50 ኢንች ቴሌቪዥን በ798 ዶላር፣ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን በ28 ዶላር ይጠብቃቸዋል።

በሩ የመስተዋት ነበር። ከውጭ የሚመጣው ግፊት እየበረታ ሲሄድ መስተዋቱ ወደ ውስጥ ይጎብጥ ጀመር። ሠራተኞቹ ከውስጥ ሆነው በሩን በትከሻቸው ደገፉት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ግፊቱን ለመግታት ሞከሩ። አልቻሉም። በሩ ከማጠፊያው ተገንጥሎ ወደቀ፤ ሕዝቡም በላዩ ላይ ገባ። ከፊት ቆመው ከነበሩት ሠራተኞች አንዱ የ34 ዓመት ሰው ነበር። ለበዓሉ ሰሞን ብቻ በጊዜያዊነት የተቀጠረ ነው። ቁመቱ 2 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ክብደቱ ከ120 ኪሎ በላይ የሆነ ግዙፍ ሰው ስለነበር በሩ ላይ ይቁም ተባለ። ሕዝብ ስለመቆጣጠር የተማረው ነገር አልነበረም። በዚያ ማለዳ ሞተ። ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ሲመረምሩ ያገኙት አንድ ነገር ነው፤ ትንፋሽ አጥቶ መታፈን።

መደብሩ ለጥቂት ሰዓታት ተዘግቶ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እንደገና ተከፈተ።

በማግስቱ የወጡት ጋዜጦችና የቴሌቪዥን ፕሮግራሞች ስለ ሸማቾቹ የተናገሩትን የሚያስታውስ ሰው፣ «አውሬዎች» እና «መንጋ» የሚሉት ቃላት ቶሎ ይመጡለታል። እኔም ያኔ እንደዚያ ነበር ያሰብሁት። ለአንድ ቴሌቪዥን ብሎ ሰው ረግጦ የሚያልፍ ምን ዓይነት ፍጡር ነው ብዬ ተቆጥቻለሁ። ዓመታት አልፈው ስለ ሕዝብ ግፊያ የተጻፉ ጥናቶችን ማንበብ ስጀምር ግን ቁጣዬ ቦታውን ለወጠ። በዚያ በር ላይ የቆሙት ሰዎች ከእኔም ከአንባቢዬም የተለዩ አልነበሩም። የተለየው የቆሙበት ሁኔታ ነው፤ ያንን ሁኔታ ደግሞ አስቦና አቅዶ ያዘጋጀው አካል ነበር። ይህን ለማስረዳት ከአዲስ አበባ ልጀምር።

አመሻሽ ላይ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ታክሲ የጠበቀ ሰው ሁለት ዓይነት ምሽት ያውቃል። አንደኛው ሰልፍ ያለበት ነው። ሰልፉ ሁለት መቶ ሜትር ቢረዝምም ሰው ስልኩን እያየ፣ ከጎረቤቱ ጋር እያወራ፣ እናት ልጇን አቅፋ ይቆማል። ሚኒባሱ ሲመጣ ተራ አስከባሪው ይቆጥራል፤ የሞላው ይሄዳል፤ የቀረው አንድ እርምጃ ይጠጋል። ሁለተኛው ሰልፍ የሌለበት ምሽት ነው። ሚኒባሱ ገና ሳይቆም ሰው አብሮት ይሮጣል፤ በሩ ላይ ክርን ይሠራል፤ ቦርሳ ይወድቃል፤ አዛውንቱ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ልብ ማለት የሚገባን፣ በሁለቱም ምሽቶች ላይ ያሉት ሰዎች ያው አንድ መሆናቸውን ነው። በሰኞው ሰልፍ ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» ያለው ሰው በማክሰኞው ግፊያ ላይ ክርኑን ይጠቀማል። በአንድ ሌሊት ጠባዩ አልተለወጠም። ሰኞ ዕለት ተራው እንደማይነጠቅ ያውቅ ነበር፤ ማክሰኞ ዕለት ግን ያልገፋ እንደሚቀር ያውቃል።

የውኃ ተራን ያየ ሰው ደግሞ ይህን ይበልጥ ይረዳዋል። ጀሪካኖቹ በቢጫ መስመር ተሰልፈው ባለቤቶቻቸው ቤታቸው ተኝተዋል። ተራው የተጠበቀለት ሰው በቦታው መቆም እንኳን አያስፈልገውም። ስለዚህ ግፊያን ከሰው ስግብግብነት ብቻ የሚያመጣ ማብራሪያ ከመነሻው ጎደሎ ነው።

አሁን ወደ ቅናሹ እንመለስ። አሜሪካውያን የምስጋና ቀናቸውን የሚያከብሩት በኖቬምበር ወር አራተኛ ሐሙስ ነው። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በ1939 (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቀኑን በአንድ ሳምንት ያስቀደሙት የገና መሸመቻ ጊዜ እንዲረዝም ነጋዴዎች ስለጠየቁ ነበር፤ ግማሹ አገር ተቀብሎ ግማሹ ባለመቀበሉ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በ1941 ኮንግረሱ አራተኛውን ሐሙስ በሕግ አጸናው። በማግስቱ ያለው ዓርብ «ብላክ ፍራይደይ»፣ ማለትም ጥቁር ዓርብ፣ የሚለውን ስም ያገኘው ከፊላደልፊያ ፖሊሶች ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከየአካባቢው የሚጎርፈው ሸማች፣ በቅዳሜው የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ የአሜሪካ እግር ኳስ ግጥሚያ ከሚመጣው ተመልካች ጋር ተዳምሮ ከተማዋን ያጨናንቃት ነበር። ፖሊሶቹ ፈቃድ ተከልክለው ረጅም ሰዓት ስለሚሠሩ ቀኑን በምሬት ጥቁር አሉት። ነጋዴዎቹ ስሙን ጠልተው በ1961 «ታላቁ ዓርብ» ለማለት ቢሞክሩም አልያዘላቸውም። የነጋዴ መዝገብ ከኪሳራው ቀይ ቀለም ወደ ትርፉ ጥቁር ቀለም የሚሻገርበት ቀን ስለሆነ ነው የሚለው ታሪክ ኋላ፣ በ1980ዎቹ የተስፋፋ ነው። ስሙ ከመነሻው የግፊያ ስም እንደነበር ማስታወስ ይበቃናል።

በዚያ ቀን መደብሮች የሚያቀርቡት ቅናሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መጠነኛ ቅናሽ ሆኖ በብዙ ዕቃ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚቆይ ነው፤ በእርሱ ምክንያት የሚጋፋ ሰው የለም። ሁለተኛው በጥቂት ዕቃ ላይ ብቻ የሚደረግ እጅግ ከፍተኛ ቅናሽ ነው። አሜሪካውያን ነጋዴዎች ለዚህኛው የሰጡት ስም ቃል በቃል «በር ሰባሪ» ማለት ነው። ነጋዴው በዕቃው ላይ እምብዛም አያተርፍበትም፤ አንዳንዴም ይከስርበታል። ሥራው ሰውን ከቤቱ ማውጣት ነው። አንዴ የገባ ሸማች ቴሌቪዥኑን ባያገኝም ባዶ እጁን እንደማይወጣ ነጋዴው ያውቃል። ስለዚህ ዋጋው በጣም ዝቅ ይላል፤ የዕቃው ቁጥር ያንሳል፤ ሰዓቱ አንድ ይሆናል፤ በሩም አንድ ይሆናል። እነዚህ አራት ነገሮች አንድ ላይ ሲገጣጠሙ በቫሊ ስትሪም የሆነው ይሆናል።

ጥቂት መሆን በሰው ልብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከተመራመሩት መካከል ስቲቨን ዎርቸልና ባልደረቦቹ ይገኙበታል። በ1975 ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች ብስኩት አቀረቡ። ለአንዳንዶቹ አሥር ብስኩት ካለበት ማሰሮ፣ ለሌሎቹ ሁለት ብቻ ከቀሩበት ማሰሮ። ብስኩቱ ያው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከሁለቱ አንዱን ያነሱት ተማሪዎች የበለጠ ተፈላጊና የበለጠ ውድ አድርገው ገመቱት። መጀመሪያ አሥሩን አሳይተው ዓይናቸው እያየ ወደ ሁለት ሲቀንሱባቸው ግምቱ ይብስ ከፍ አለ። ከሁሉ ከፍ ያለው ግን የተቀነሰው ሌሎች ሰዎች ስለፈለጉት ነው በተባሉት ዘንድ ነበር። ያ ሰው ብስኩቱን የሚመዝነው ሌላው ሰው ምን ያህል እንደፈለገው እያየ ነው ማለት ነው። በመደብር በር ላይ 2,000 ሰው ሲቆም እያንዳንዱ ለቀሪው 1,999 የዕቃው ማስታወቂያ ይሆናል። «ይህ ሁሉ ሕዝብ የቆመለትማ ጥሩ ነገር ቢሆን ነው።»

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ያ ሰው በአንድ ጊዜ ማስታወቂያም ተቀናቃኝም መሆኑ ነው። በ2017 በአንድ የሸማቾች ጥናት መጽሔት ላይ የወጣ ምርምር ይህንን ለይቶ አይቷል። አንድ ዕቃ በጣም ጥቂት ብቻ እንደቀረበ የሚናገር ማስታወቂያ ያዩ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ በተሰጣቸው የተኩስ ጨዋታ ላይ ሌላ ማስታወቂያ ካዩት ይልቅ ብዙ ተኮሱ። ማስታወቂያው ብቻውን፣ ሰልፍም ብርድም ሳይኖር፣ አጠገብ ያለውን ሰው እንደ ባላንጣ የማየት ስሜት ቀስቅሷል። «እስከ እሑድ ብቻ» የሚል ቅናሽ ከሰዓት ጋር ያሽቀዳድማል፤ «አሥር ብቻ» የሚል ቅናሽ ግን ከሰው ጋር ያፋልማል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ጥናት ውስጥ ይበልጥ የከነከነኝ ይህ ልዩነት ነው፤ ምክንያቱም ነጋዴው ከሁለቱ የፈለገውን መምረጥ ይችል ነበር።

ሰዎች ለምን ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤታቸው አይሄዱም? አሥር ቴሌቪዥን ላለበት መደብር ሦስት መቶኛው ሰው ምን ይጠብቃል? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ማን በ1960ዎቹ በአውስትራሊያ ለእግር ኳስ ትኬት ሌሊቱን ሙሉ የሚሰለፉ ሰዎችን ሲያጠና ይህንኑ ጠይቆ ነበር። ከሰልፉ ፊት ርቀው የቆሙት፣ ማለትም ትኬቱ እንደማይደርሳቸው ቆጥሮ ማወቅ የሚቻላቸው ሰዎች፣ ከፊታቸው ያለውን ሰው ቁጥር አሳንሰው ይገምቱ ነበር። ዓይናቸው የሚያየውን ልባቸው ይቀንሰዋል። ሌሊቱን ያባከነ ሰው፣ ብርዱን የታገሠ ሰው፣ ለልጁ «አመጣልሃለሁ» ብሎ የወጣ ሰው እንዳልሆነለት ለራሱ መንገር ይከብደዋል። ማጣት ከማግኘት ይልቅ ጎልቶ እንደሚሰማን ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 ባወጡት ዝነኛ ጥናት አሳይተዋል፤ ሌሊቱን ሲጠብቅ ያደረ ሰው ደግሞ ቴሌቪዥኑን ገና ሳይገዛው የራሱ አድርጎ ማሰብ ይጀምራል። በሩ ሲከፈት የሚሮጠው ሊያገኝ ሳይሆን ያለውን ላለማጣት ነው።

በ2008 ደግሞ ሌላ ነገርም ነበር። ባንኮች የወደቁበት፣ ሰዎች ቤታቸውንና ሥራቸውን ያጡበት መኸር ነበር። በዚያ ብርድ ከቆሙት መካከል ለብዙዎቹ የቅናሹ ዋጋ ለልጅ የገና ስጦታ መስጠትንና አለመስጠትን የሚለይ ነበር። የተትረፈረፈለት ሰው ቤቱ ተኝቷል። እነዚያን ሰዎች አውሬ ማለት ለእኔ አሁን ይከብደኛል።

እስካሁን የተናገርሁት ሰዎች ለምን እንደሚመጡና ለምን እንደሚቸኩሉ ነው። ሰው የሚገድለው ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው፤ እርሱም ከልብ ጉዳይ ይልቅ የአካል ጉዳይ ነው።

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ በወለል ላይ በጠመኔ እንሥራ። ሁለት ሰዎች ሲቆሙበት እንደልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። አራት ሲሆኑ ይነካካሉ፤ ግን አሁንም ዞር ማለት ይቻላል። ከአምስት ሲያልፉ አደጋው ይጀምራል። ሰባት ሲደርሱ፣ ስለ ሕዝብ ግፊያ በመጻፍ የታወቀው አሜሪካዊው መሐንዲስ ጆን ፍሩይን እንዳስረዳው፣ ሕዝቡ የሰዎች ስብስብ መሆኑ ይቀርና እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ከኋላ አንድ ሰው ቢደናቀፍ ወይም ጥቂት ሰዎች ግማሽ እርምጃ ቢጠጉ ያ እንቅስቃሴ እንደ ማዕበል ወደ ፊት ይሄዳል። በመካከል ያለ ሰው እግሩ ከመሬት ተነሥቶ፣ ጫማው ወልቆ፣ ሳይፈልግ ሦስት ሜትር ያህል ሊወሰድ ይችላል። ፍሩይን እንደጻፈው ብዙ ሰው ካለቀባቸው አደጋዎች በኋላ የተገኙ የጎበጡ የብረት አጥሮች ከ450 ኪሎ በላይ የሚመዝን ኃይል እንዳረፈባቸው ይመሰክራሉ። ይህን ያህል ኃይል ለመፍጠር ማንም በጭካኔ መግፋት አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ካለ ይበቃል፤ የሁሉም ዘንበል ማለት ተደምሮ ፊት ለፊት ባለው ሰው ደረት ላይ ያርፋል።

ደረት ደግሞ ለመተንፈስ መስፋት አለበት። ከፊትና ከኋላ የተጨመቀ ሰው አየር ያወጣል፤ መልሶ የሚያስገባበት ቦታ ግን ያጣል። መጀመሪያ መጮህ ያቅተዋል። ለመጮህም ትንፋሽ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሰዎች በቁማቸው ይሞታሉ፤ አጠገባቸው ያለው እንኳን አያውቅም። «ተረጋግጠው ሞቱ» የሚለው የዜና አነጋገር ሰው በሰው ላይ የሮጠ ያስመስላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ግን ጥቅጥቅ ብሎ መቆሙ ነው። የወደቀ ሰው ሲኖርም ከኋላ ያለው ሊቆምለት ቢፈልግ እንኳን ከኋላው ያለው ስለሚገፋው እርሱም በላዩ ይወድቃል።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ችግር፦ ዜና ከፊት ወደ ኋላ አይሄድም፤ ግፊት ግን ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል። ከፊት ያለው ሰው እየታፈነ ነው። ከኋላ ያለው የሚያየው በሩ መከፈቱን፣ ከፊቱም ክፍት ቦታ መፈጠሩን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ይጠጋል። በልቡ ክፋት የለም፤ የሚያደርገውን አያውቅም። በ2,000 ሰው መጨረሻ ላይ ከቆሙት መካከል አንድ ሰው መሞቱን ያወቁት በዜና የሆኑ ይኖራሉ ብዬ እገምታለሁ። የሚያስደነግጠው ደግሞ በኃይል መቸኮል ለቸኳዩም የማይጠቅም መሆኑ ነው። ዲርክ ሄልቢንግና ባልደረቦቹ በ2000 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት እንዳሳዩት ሕዝብ በጠባብ በር በችኮላ ሲገፋ በበሩ ላይ እንደ ቅስት ይቆላለፋል፤ በእርጋታ ቢወጣ ከሚፈጅበት ጊዜ የበለጠ ይፈጅበታል። ከጆንያ አፍ ላይ እህል ሲታፈን አይተን እናውቃለን፤ እንደዚያ ነው።

ይህ የአሜሪካ ነገር ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ ሁለት ቦታ ላሳየው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት የሳዑዲዋ ጅዳ፣ በሴፕቴምበር 2004 የኢኬያ የቤት ዕቃ መደብር ሲከፈት ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደንበኞች የግዢ ኩፖን እንደሚሰጥ ተነገረ። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መጣ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። በቻይናዋ ቾንግቺንግ ከተማ ደግሞ በኖቬምበር 2007 ካርፉር የተባለው የፈረንሳይ መደብር ቅርንጫፍ የምግብ ዘይት በቅናሽ አቀረበ። ዘይት በተወደደበት ወቅት፣ ለተወሰነ ሰዓት ብቻ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ 31 ቆሰሉ። ለዘይት መሰለፍ ምን እንደሆነ እኛ ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በሸማቾች ማኅበር በር ላይ በስም ዝርዝር ወይም በኩፖን የቆመ ሰው ዘይቱ ጥቂት መሆኑ የማንም ማስታወቂያ ያመጣው እንዳልሆነ ያውቃል። በእነዚያ መደብሮች በር ላይ ያለው እጥረት ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የቻይና ንግድ ሚኒስቴር ከአደጋው በኋላ ለአጭር ሰዓት ብቻ የሚደረጉ ቅናሾችን መከልከሉ እጥረቱ በትእዛዝ ሊቀር የሚችል እንደነበር ያሳያል።

በቫሊ ስትሪም ለሞተው ሰው ሕጉ ምን አደረገ? የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት አስተዳደር ጉዳዩን መርምሮ በ2009 ዋልማርትን ጥፋተኛ አለው፤ ሠራተኞቹን ከሕዝብ ግፊያ አደጋ አልጠበቀም በሚል። የተጣለው ቅጣት 7,000 ዶላር ነበር። በጊዜው ሕጉ ለእንዲህ ዓይነት ጥፋት የሚፈቅደው ከፍተኛ ገንዘብ ይኸው ነው። ኩባንያው ገንዘቡ አልከበደውም፤ ቢሆንም ለዓመታት ተከራከረ። ክርክሩ የሕዝብ ግፊያ በችርቻሮ ንግድ ሥራ ውስጥ አስቀድሞ የሚታወቅ አደጋ አይደለም የሚል ነበር። ያ ከተረጋገጠ ሌላ ጊዜም ኃላፊነት አይኖርበትም። በ2011 ዳኛዋ በኩባንያው ላይ ፈረዱ፤ ኩባንያው ይግባኙን የተወው በ2015 ነው። ከአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ጋር ባደረገው ስምምነት ደግሞ የወንጀል ክስ ሳይመሠረትበት ለተጎጂዎች 400,000 ዶላር፣ ለአካባቢው ማኅበረሰብ 1.5 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በኒው ዮርክ ግዛት ባሉት 92 መደብሮቹ ሕዝብ የሚቆጣጠርበትን አሠራር ለማሻሻል ተስማማ።

አስቀድሞ የማይታወቅ አደጋ የሚለው ቃል ግን አሁንም ያበሳጨኛል። በ1983 የገና ሰሞን «ካቤጅ ፓች» የተባሉት አሻንጉሊቶች ባለቁበት ጊዜ፣ በፔንሲልቬኒያዋ ዊልክስ ባሪ በአንድ መደብር ወደ 1,000 የሚጠጋ ሰው ተጋፍቶ የአንዲት ሴት እግር ተሰብሯል፤ የመደብሩ ኃላፊ የቤዝቦል ዱላ ይዞ ነበር ራሱን የተከላከለው። ይህ ከቫሊ ስትሪም 25 ዓመት በፊት መሆኑ ነው።

የሥራ ደኅንነቱ አስተዳደር ከቫሊ ስትሪሙ አደጋ በኋላ ለነጋዴዎች ያወጣው መመሪያ ሲነበብ መፍትሔው ምን ያህል ቀላል እንደነበር ያሳዝናል። የሰልፉ ማገጃ ከበሩ ራቅ ብሎ ይጀምር፤ በየመካከሉ ክፍት ቦታ ይኑረው። ቀጥ ብሎ ወደ በሩ የሚሮጥ መስመር አይኑር። ተፈላጊ ዕቃ በአንድ ማዕዘን አይከመር። ሕዝብ ስለመቆጣጠር የተማሩ ሠራተኞች ይመደቡ፤ ፖሊስና አምቡላንስ አስቀድሞ ይወቅ። ዕቃው ሲያልቅ ለተሰለፈው ሕዝብ ወዲያውኑ ይነገረው። ከሁሉ በላይ ግን ለተፈላጊው ዕቃ አስቀድሞ ቁጥር ያለው ወረቀት ወይም የእጅ አንባር ይታደል። በጀሪካን ተራ የምናውቀው ጥበብ ይኸው ነው፤ ተራህ ከተጠበቀልህ ትተኛለህ።

ብሪታኒያም ይህንኑ ትምህርት በአንድ ሌሊት ተማረች። የምስጋና ቀን በማይከበርባት አገር የዋልማርት ንብረት የነበረው አዝዳ የተባለው መደብር ጥቁር ዓርብን በ2013 ወደ መደብሮቹ አስገባ። በ2014 ሌሎቹም ተከተሉት፤ ሌሊቱን በበርካታ መደብሮች ፖሊስ ተጠራ፤ የማንቸስተር አካባቢ የፖሊስ አዛዥም መደብሮቹ ጥበቃቸውን አስቀድመው ማቀድ ነበረባቸው ሲሉ ተናገሩ። በ2015 አዝዳ ራሱ ቅናሹን ተወው።

ዛሬ በአሜሪካ የዓርቡ ንጋት እንደ ድሮው አይደለም። ብዙ ሰው በስልኩ ይገዛል፤ ቅናሹ በኖቬምበር ሙሉ ተበትኗል፤ ከ2020 ወዲህ ትልልቅ መደብሮች በምስጋና ቀን መክፈት አቁመዋል። ሰውን የሚሰበስበው ሰዓት ሲበተን ግፊያውም አብሮ ተበተነ፤ የሰው ጠባይ እስኪሻሻል መጠበቅ አላስፈለገም። ያ የብስኩቱ ማሰሮ ግን ወደ ስልካችን ገብቷል። «ሁለት ብቻ ቀርተዋል»፣ «አሁን 38 ሰዎች እያዩት ነው» የሚለው ጽሑፍና ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት ያንኑ ስሜት ይቀሰቅሳሉ። ደረት አይጨምቁም፤ ኪስ ግን ያራግፋሉ።

ለበዓል ገበያም ሆነ ለሌላ ጉዳይ ሕዝብ በበዛበት ለሚገኝ ሰው ባለሙያዎች የሚሰጡትን ምክር ልጨምር። ትከሻህ በሁለቱም በኩል መነካት ከጀመረ ገና መንቀሳቀስ እየቻልህ ሳለህ ውጣ። ከተያዝህ እጆችህን ወደ ደረትህ አምጥተህ ክርንህን ለትንፋሽ ቦታ እንዲሆን ጠብቀው። የወደቀ ስልክ ለማንሳት አትጎንበስ። ማዕበሉ ሲገፋህ መልሰህ አትግፋ፤ ጋብ ሲል ሰያፍ እየሄድህ ወደ ዳር ውጣ፤ ከግድግዳና ከአጥር ግን ራቅ። ልጅ ካለ ከፍ አድርገህ ያዘው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አቅራቢያ ለዘመዶቼ ቴሌቪዥን ለመግዛት ከአንድ መደብር በር ላይ ሌሊቱን ተሰልፌ ነበር። ብዙ ሐበሾችም ነበሩ፤ አንዲት እናት ሻይ በፔርሙዝ ይዘው መጥተው ለማያውቁትም ሁሉ ይቀዱ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ወጣት ሠራተኛ ወፍራም ካፖርት ለብሳ፣ የቁጥር ወረቀት ይዛ ከፊት ጀምራ መጣች። ሃያ ቴሌቪዥን እንዳለ ጮክ ብላ ተናገረች፤ እየቆጠረች ለሃያ ሰው ሰጠች፤ ከዚያ በኋላ ላሉት «ቴሌቪዥኑ አልቋል፤ ለሌላው ዕቃ ግን መቆየት ትችላላችሁ» አለች። እናቲቱ ሃያ ሦስተኛ ነበሩ። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ፔርሙዛቸውን ከደኑ፤ «እንግዲያው እንተኛ» ብለው ከልጃቸው ጋር ወደ መኪናቸው ሄዱ። በሩ ሲከፈት በእግራችን ነው የገባነው።